ምስክሩን ገራፊ አደረጉት

በፖላንድ ስለ እግር ኳስ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ቮይቼህ ኮቫልቺክ አንድ አቋም አለው። አንዱ ወገን «እውነቱን ሳይሸፋፍን የሚናገር እሱ ብቻ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «የራሱን ተሰጥኦ ያባከነ ሰው በምን አፉ የዛሬዎቹን ልጆች ይዘልፋል?» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ዓመታት አስቆጥሯል፤ አንድ ስንዝር ግን ፈቀቅ አላለም። የማይንቀሳቀሰውም ሁለቱም ወገኖች የተሳሳተ ጥያቄ ይዘው ስለሚሟገቱ ነው።

ጉዳዩ ሰውየው የመናገር መብት አለው ወይስ የለውም አይደለም። መብቱማ አለው። ጉዳዩ የሚከፈለው ምን እንዲናገር ነው የሚለው ነው። ኮቫልቺክ የፖላንድ እግር ኳስ ከሶሻሊስቱ መንግሥት እጅ ወጥቶ ገበያ ላይ ሲወድቅ፣ በዚያው ግርግር ጨዋታ ሲሸጥና ሲገዛ፣ አንድ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ትውልድም ሲበተን መሃል ቆሞ ያየ ሰው ነው። ምስክር ነው። የፖላንድ ቴሌቪዥንና ከእሱ በኋላ የመጣው የኢንተርኔት ሚዲያ ግን ከምስክርነቱ ይልቅ ምላሱን ወደዱት። ምስክሩን ገራፊ አደረጉት። በዚህ የሚጎዱት የሚገረፉት ወጣት ተጫዋቾች ብቻ አይደሉም። መጠየቅ ሲገባቸው ሳይጠየቁ የቀሩ የቢሮ ሰዎች አሉ፤ ከጅራፉ ጩኸት ያተረፉትም እነሱ ናቸው።

ታሪኩ ከመጀመሪያው ሲታይ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮቫልቺክ በ1972 ዋርሶ ውስጥ ተወለደ። እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ድረስ ፖሎኔዝ በሚባል፣ ከዋርሶ ውጪ ብዙም ስሙ በማይነሳ አነስተኛ ክለብ ይጫወት ነበር። በ1991 መጀመሪያ ትልቁ ሌጊያ ወሰደው። ጥቂት ሳምንታት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ፣ ማርች 20 ቀን ጄኖዋ ላይ ሳምፕዶሪያን የሚገጥም ቡድን ውስጥ ራሱን አገኘ። ጨዋታው የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ የሩብ ፍጻሜ የመልስ ግጥሚያ ነው። ሌጊያ ዋርሶ ላይ 1 ለ 0 አሸንፏል። ነገር ግን ሳምፕዶሪያ ማለት የዚያ ዋንጫ ባለቤት፣ ቪያሊና ማንቺኒ የሚመሩት፣ በዚያው የውድድር ዘመን የጣሊያን ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁለት ጎል አገባባቸው። ማንቺኒና ቪያሊ አንድ አንድ አግብተው 2 ለ 2 አደረጉት። መጨረሻ ላይ የሌጊያው በረኛ ማቼይ ሽቼንስኒ በቀይ ካርድ ወጣና ተከላካዩ ማሬክ ዩዝቪያክ ጓንት አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። ሌጊያ አለፈ። (የዚያ በረኛ ልጅ ከዓመታት በኋላ በአርሰናል፣ በጁቬንቱስና በባርሴሎና የታወቀው ቮይቼህ ሽቼንስኒ ነው።) በግማሽ ፍጻሜው ማንቸስተር ዩናይትድ ዋርሶ ላይ 3 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ በሜዳው 1 ለ 1 ወጥቶ አሰናበታቸው፤ የፈርጉሰን ቡድን በመጨረሻ ዋንጫውንም ወሰደ።

አንድ ልጅ በዚህ ዕድሜ በአንድ ምሽት አገር ሲያውቀው ዙሪያውን ማን ነበር? ይህን ጥያቄ መያዝ ጥሩ ነው፤ በኋላ ይፈለጋል።

ከዚያ ባርሴሎና መጣ። የ1992ቱ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የደራርቱ ቱሉ ኦሊምፒክ ነው፤ ኦገስት 7 ማታ፣ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ። በማግስቱ በዚያው ከተማ ካምፕ ኑ ላይ ስፔንና ፖላንድ ለእግር ኳሱ ወርቅ ተጋጠሙ። ከስፔን በኩል ጓርዲዮላ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ፣ አቤላርዶ፣ አልፎንሶና ኪኮ ነበሩ። ፖላንድ እዚያ የደረሰችው በምድቡ ጣሊያንን 3 ለ 0፣ በግማሽ ፍጻሜው አውስትራሊያን 6 ለ 1 ረትታ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ስታዲየሙን ዝም ያሰኘችውን ጎል ያገባው ኮቫልቺክ ነው። አቤላርዶ አቻ አደረገ፣ ኪኮ ስፔንን አስቀደመ፣ ሪሻርድ ስታኒየክ እንደገና አቻ አደረገ። በ90ኛው ደቂቃ ኪኮ ሦስተኛውን አገባ። 3 ለ 2። ፖላንድ ብር ይዛ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህም በኦሊምፒክ እግር ኳስ ሜዳሊያ አላየችም። የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ አንድዤይ ዩስኮቪያክ ነበር፣ በሰባት ጎል። ኮቫልቺክ አራት አገባ።

ከዚያ ቡድን የተረፈ አንድ አባባል አለ። በፖላንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ በኮቫልቺክ ስም ነው የሚነገረው፦ «ታፔላውን ቀይረን እንቀጥላለን»። ማለቱ የኦሊምፒክ ቡድን የሚለው ታፔላ ወርዶ ዋናው ብሔራዊ ቡድን የሚለው ይሰቀል፣ እኛው እንሂድበት ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ትዕቢት ይመስላል። ግን ትክክል ነበር። አሠልጣኙ ያኑሽ ቩይቺክ ለዓመታት አብሮ የሠራው ቡድን ነው፤ የአውሮፓን ትልልቅ እኩዮቹን አንበርክኳል።

ታፔላው አልተቀየረም። ዋናው ቡድን በሌላ አሠልጣኝ እጅ ቆየ፤ በ1994ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኖርዌይና ኔዘርላንድስ አለፉ፣ ፖላንድ ከእንግሊዝም በታች ቀረች። ከዚያም የ1996 የአውሮፓ ዋንጫ አመለጠ፣ የ1998 የዓለም ዋንጫ አመለጠ። ፖላንድ ወደ ዓለም ዋንጫ የተመለሰችው በ2002 ነው። ኮቫልቺክ ለአገሩ 39 ጊዜ ተሰልፎ 11 ጎል አግብቷል፤ አንድም የዓለም ዋንጫ፣ አንድም የአውሮፓ ዋንጫ አልተጫወተም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ከዚህ በኋላ ያለው የኮቫልቺክ ታሪክ ሲተረክ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ትልቅ ተሰጥኦ ነበረው፣ ጭፈራና መጠጥ ወሰደው፣ ስፔን ሄዶ ቀረ፣ ቆጵሮስ ላይ ጨረሰ። ይህ ትረካ የሚጥመው ቀላል ስለሆነ ነው። ማንንም አያስጠይቅም። አንድ ሰው አጠፋ፣ አንድ ሰው ከፈለ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ራሱ ኮቫልቺክም ጥፋቱን ሳይደብቅ ስለተናገረ የሚከራከር እንኳ የለም።

መዝገቡ ግን ገና አልተነበበም። ሌጊያ የሠራዊቱ ክለብ ነበር። በሶሻሊስቱ ዘመን የሌሎችን ክለቦች ጎበዝ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ጠርቶ የራሱን ማሊያ የሚያለብስ ክለብ ነው፤ ታላቁ ካዚሚየሽ ዴይና ራሱ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የክራኮው ቪስዋ የፖሊስ ነበር። የዛብዤው ጉርኒክ የከሰል ማዕድን ማውጫዎቹ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ፖላንድ ዋጋን በአንድ ሌሊት ለገበያ ስትለቅ ሠራዊቱም፣ ፖሊሱም፣ ማዕድን ማውጫውም ለኳስ የሚያወጡት ገንዘብ አጠራቸው። ክለቦች ለመኖር የነበራቸው አንድ ዕቃ ነው፤ ተጫዋች። ያንን ዕቃ የሚሸጡት ደግሞ ትናንት በመንግሥት ደመወዝ ክለብ ያስተዳድሩ የነበሩ፣ ስለ ውልም ስለ ወኪልም ገና እየተማሩ ያሉ ሰዎች ናቸው። ታፔላ የቀየሩትስ እነዚህ ናቸው። «የሠራዊቱ ክለብ» የሚለው ወርዶ «አክሲዮን ማኅበር» የሚለው ተሰቀለ፤ ውስጥ ያለው ሰው ግን በአብዛኛው ያው ነው። ኮቫልቺክ ያደገው፣ የከበረው፣ የተበላሸውም ከተባለ የተበላሸው እዚህ ቤት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ከዚህ ይብሳል። ጁን 20 ቀን 1993 የሊጉ የመጨረሻ ቀን ነበር። ሌጊያና የዉጁ ዑካኤስ በእኩል ነጥብ ላይ ናቸው፤ ሻምፒዮኑን የሚለየው የጎል ልዩነት ነው። ሌጊያ ክራኮው ሄዶ ቪስዋን 6 ለ 0 አሸነፈ። ዑካኤስ በሜዳው ኦሊምፒያ ፖዝናንን 7 ለ 1 አሸነፈ። ፖላንዳውያን ቀኑን «የተአምራት እሑድ» ይሉታል፤ ስሙ ምስጋና አይደለም፣ ሽሙጥ ነው። ፌዴሬሽኑ ሁለቱንም ውጤቶች ሰርዞ ዋንጫውን ለሌህ ፖዝናን ሰጠ፤ ሁለቱ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድርም ታገዱ። የዚያ ዓመት የሌጊያ አሠልጣኝ ማን ነበር? የባርሴሎናው ቩይቺክ። ከክለቡ ታዋቂ ተጫዋቾች አንዱስ? የሃያ አንድ ዓመቱ ኮቫልቺክ።

ይህ ማለት ኮቫልቺክ ጨዋታ ገዝቷል ወይም ሸጧል ማለት አይደለም። ማንም እንዲህ ብሎ አልከሰሰውም፤ ሌጊያም ያ ዋንጫ የእኔ ነው ማለቱን አልተወም። ማለት የሚቻለው አንድ ነገር ነው፦ በሃያ አንድ ዓመቱ የሠራው ውድድር በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በእጅ ብልጫ ሲሰረዝ ያየ ልጅ፣ ስለ ሥራና ስለ ዋጋው የሚማረው ነገር አለ። ላብ ጎል ያመጣል፣ ዋንጫ የሚሰጠው ግን ቢሮ ነው የሚለውን ይማራል። ያንን ትምህርት ቀስሞ ሲያበቃ «ለምን እንደ ጀርመኖቹ ሥነ ሥርዓት አልኖረውም?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ እውነት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሌጊያ ሊጉንም ጥሎ ማለፉንም ወሰደ፤ ይህኛውን ማንም አልሰረዘውም። ኮቫልቺክም በ1994 ወደ ሪያል ቤቲስ ሄደ። እዚህ ላይ ደግሞ ስንፍናን ብቻ የሚተርኩ ሰዎች የሚዘሉት የወረቀት ጉዳይ አለ። በ1995 መጨረሻ የቦስማን ፍርድ ወጣ፤ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ተጫዋቾች በኅብረቱ ውስጥ እንደ ውጭ ዜጋ መቆጠራቸው ቀረ። ፖላንድ ግን አባል አልነበረችም። ጀርመናዊውና ፈረንሳዊው በነፃ ሲገባ ፖላንዳዊው ከናይጄሪያዊው፣ ከክሮኤሽያዊውና ከብራዚላዊው ጋር ለተወሰነች የውጭ ዜጋ ቦታ መሻማት ነበረበት። ቤቲስ በ1995 ክሮኤሽያዊውን ያርኒን፣ በ1996 ናይጄሪያዊውን ፊኒዲ ጆርጅን አመጣ። የፊት መስመሩን ደግሞ ከ1995 ጀምሮ የያዘው አልፎንሶ ነው፤ ያ የካምፕ ኑው የወርቅ ባለቤት። ኮቫልቺክ ወደ ላስ ፓልማስ በውሰት ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሌጊያ ገባ፣ ከዚያም ቆጵሮስ። በቆጵሮስ ሊግ በ2002 ለአኖርቶሲስ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፤ በኋላም አፖኤል ገባ። ፖላንድና ቆጵሮስ በአንድ ቀን፣ ሜይ 1 ቀን 2004፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆኑ። ለእሱ እግሮች በሩ ሲከፈት ጨዋታው አብቅቶ ነበር።

በ2010 ሮበርት ሌዋንዶውስኪ ወደ ዶርትሙንድ ሲሄድ የማንም የውጭ ዜጋ ቦታ አልወሰደም። ይህ የሌዋንዶውስኪን ትጋት አይቀንስም፤ ሰውየው በዓለም ካሉት ትጉህ አጥቂዎች አንዱ ነው። ግን የሁለቱን ትውልድ ልዩነት በጠባይ ብቻ ማስረዳት ድንቁርና ነው። በፖላንድ «ሰው ሁሉ የራሱ ዕድል ቀጥቃጭ ነው» የሚል ተረት አለ። የሚገርመው ኮቫልቺክ የሚለው ስም ራሱ የመጣው «ኮቫል» ከሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙም ቀጥቃጭ፣ ብረት የሚያቀልጥ አንጥረኛ ማለት ነው። ቅጽል ስሙም ይኸው ነው። ዕጣ ሆነና የዚያ ተረት ሰለባም፣ ሰባኪም እሱው ሆነ።

በ2003 አንድ መጽሐፍ ወጣ፤ «ኮቫል፦ እውነተኛው ታሪክ»። ጸሐፊው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረ ክሺሽቶፍ ስታኖቭስኪ የሚባል ጋዜጠኛ ነው። እስከዚያ ድረስ የፖላንድ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ማለት በአብዛኛው የጎል ዝርዝርና የአሠልጣኝ ምስጋና ነበር። ይህኛው ስለ መጠጡ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መልበሻ ክፍሉ ሕይወት በሰፈር ቋንቋ ተናገረ፤ ከሁሉም በላይ ተራኪው ራሱን አላስመለጠም። ዋጋው እዚህ ላይ ነው። ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር ስለ ሌላው የሚናገረውም ይታመናል። የኮቫልቺክ ሥልጣን የመነጨው ጄኖዋ ላይ ካገባቸው ሁለት ጎሎች አይደለም፤ ከዚህ መጽሐፍ ነው።

«ተጫውቷል፣ ስለዚህ ያውቃል» የሚሉት ደጋፊዎቹም የሚስቱት ይህንን ነው። ጎል ማግባት ጎል ማግባትን ነው የሚያስተምረው። ግዤጎዥ ላቶ በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ በሰባት ጎል ኮከብ ጎል አግቢ ነበር፤ ከ2008 እስከ 2012 የፖላንድ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነና ወንበሩን ሲለቅ የናፈቀው ብዙ ሰው አልነበረም። ያን ቶማሼቭስኪ በ1973 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን ያስለቀሰ በረኛ ነው፤ ተንታኝ ሆነ፣ ከዚያም የፓርላማ አባል ሆነ። ከባርሴሎናው ቡድን ብቻ አምበሉ የዢ ብዤንቼክ ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠነ፣ ማሬክ ኮዥሚንስኪ የፌዴሬሽን ፖለቲካ ውስጥ ገባ፣ ዩስኮቪያክና ግዤጎዥ ሚየልጻርስኪ ካሜራ ፊት ተቀመጡ። አገሪቱ የድሮ ተጫዋቾቿን የምትጠቀምበት መንገድ አልጠፋትም። የጠፋት የትኛው ለምን እንደሚጠቅም መለየት ነው። ለኮቫልቺክ ክብር የሚሆነው፣ ከእነዚህ መካከል ወንበር ሳይሆን አፉን ይዞ የቀረ መሆኑ ነው።

ግን አፉን ምን አደረጉት? ከመጽሐፉ በኋላ ፖልሳት ስቱዲዮ ውስጥ አስቀመጠው። በ2008 ስታኖቭስኪ ቬሽዎ የተባለውን የኢንተርኔት የስፖርት ሚዲያ ሲከፍት ኮቫል ከዋነኞቹ ድምፆች አንዱ ሆነ። (ስታኖቭስኪ ራሱ ሚዲያ በሚዲያ ላይ እየከፈተ ሄዶ በ2025 ለፖላንድ ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። መመረጥ እንደማይፈልግ፣ ምርጫውን ከውስጥ ለማሳየት እንደገባ በግልጽ ተናግሮ ከመራጩ መቶኛ አንድ ነጥብ ምናምን አገኘ። ያ አገር ከስፖርት ጋዜጠኝነት የት እንደሚደረስ ለማወቅ ይህ ይበቃል።) ስቱዲዮ የራሱ ሕግ አለው። ጨዋታው ካለቀ አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ አቅራቢው ዞር ብሎ «ማን ነው ያሳፈረን?» ይላል። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስም መጥራት አለበት። የጠራው ስም በማግስቱ ርዕስ ይሆናል። ርዕሱ ሳንቲም ያመጣል። ሚዛናዊ የተናገረ ተንታኝ ርዕስ አይሆንም፤ ርዕስ ያልሆነ ተንታኝም ወንበሩ ላይ አይቆይም።

በዚህ ሕግ መሠረት የኮቫልቺክ በራሱ ላይ መመስከር ወደ ፈቃድ ወረቀት ተለወጠ። «ይህ ሰው ራሱን እንኳ አልማረም፣ ሌላውን ቢሰድብ ምን ይደንቃል?» ተባለለት። እነሆ ማታለያው። በራስ ላይ መመስከር የሚያስከፍል ነገር ነው፤ የሃያ ዓመት ተከላካይን «ሰነፍ» ማለት ግን ምንም አያስከፍልም። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ድፍረት» ብሎ መሸጥ ሐሰተኛ ሸቀጥ ነው። ተሰዳቢው ደግሞ ማንም አይደለም፤ የድሮው ኮቫል ነው። ድንገት የገነነ፣ ገንዘብ ያየ፣ ዙሪያውን በወኪልና በአጫፋሪ የተከበበ ልጅ። የዚያን ልጅ ሕይወት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ «ይህ ልጅ አሁን ምን እየሆነ ነው፣ ማን ነው ያጠገቡ ያለው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

«ተመልካች የሚወደው ይህንን ነው፣ ኳስ ደግሞ መዝናኛ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። መዝናኛ ቢሆንማ መልካም። ነገር ግን የፖላንድ እግር ኳስ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ዓቃቤ ሕግም ያዝናና ቤት ነው። ከ2005 ጀምሮ የቭሮትስዋፍ ዓቃቤ ሕግ ባካሄደው ምርመራ ዳኞች፣ ታዛቢዎች፣ የክለብ ኃላፊዎች፣ አሠልጣኞችና ተጫዋቾች በመቶዎች ተከሰሱ። የ2007ቱ ሻምፒዮን ዛግወምቢየ ሉቢን ሳይቀር በቅጣት ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። የመረቡ አንቀሳቃሽ ተብሎ የተያዘው ሰው ቅጽል ስሙ «ፀጉር አስተካካዩ» ነበር። በ2007 የስፖርት ሚኒስትሩ የፌዴሬሽኑን አመራር ሲያግድ ፊፋ አገሪቱን እቀጣለሁ ብሎ አስፈራራ፣ መንግሥትም አፈገፈገ። በ2008 ደግሞ ከተያዙት መካከል አንዱ ያኑሽ ቩይቺክ ነበር፤ የባርሴሎናው የብር አባት። በጨዋታ ማጭበርበር ተፈርዶበታል።

«ያለፈ ነገር ነው» ማለትም አያዋጣም። በ2022 ፌዴሬሽኑ ቼስዋቭ ሚህኒየቪችን የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ አድርጎ ሲሾም አንድ ቁጥር እንደገና አደባባይ ወጣ፦ 711። አሠልጣኙ ከዓመታት በፊት ከ«ፀጉር አስተካካዩ» ጋር ያደረጋቸው ተብለው በጋዜጠኛ የተዘገቡ የስልክ ግንኙነቶች ብዛት ነው። ሚህኒየቪች አልተከሰሰም፣ ጥፋት አልሠራሁም ብሏል፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት። የሹመቱ ጥያቄ ግን የእሱ ብቻ አልነበረም፣ የሾሙት ሰዎች ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከካታር የዓለም ዋንጫ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ማቴዉሽ ሞራቪየትስኪ ለቡድኑ ቃል የገቡት በአሥር ሚሊዮኖች ዝዎቲ የሚቆጠር ጉርሻ ወሬ ፈነዳ። ወዲያውም ጨዋታው ተጫዋቾቹ ስግብግብ ናቸው ወይስ አይደሉም ወደሚል ተቀየረ። የሕዝብን ገንዘብ በማን ሥልጣን፣ በየትኛው የበጀት መስመር ሊሰጥ ነበር የሚለው ከስግብግብነቱ ወሬ ኋላ ተሰለፈ።

በጁን 2025ም ያው ነው። አሠልጣኙ ሚሃው ፕሮቢየሽ የአምበልነቱን ማዕረግ ከሌዋንዶውስኪ ነጥቆ ለፒዮትር ዚየሊንስኪ ሰጠ፤ ሌዋንዶውስኪ ይህ ሰው አሠልጣኝ እስካለ ድረስ ለብሔራዊ ቡድን አልጫወትም አለ፤ ፖላንድ ሄልሲንኪ ላይ በፊንላንድ 2 ለ 1 ተሸነፈች፤ ፕሮቢየሽ ለቀቀ። ለቀናት ስቱዲዮዎቹ የተሟገቱት በስልክ መንገር ንቀት ነው ወይስ አይደለም፣ ማን ማንን ደፈረ በሚለው ነው። አንድ ፌዴሬሽን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሠልጣኝ እየቀያየረ ለምን እዚህ ደረሰ የሚለው ጥያቄ ስም የለውም፤ ስም የሌለው ጥያቄ ደግሞ ርዕስ አይሆንም።

ኮቫልቺክ ሰለባ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ወንበሩን የመረጠው እሱ ነው፣ ደመወዙን የሚበላው እሱ ነው፣ ስድብ አፉ ላይ ማንም በግድ አላስቀመጠለትም። ስለዚህ የሚነቀፍበት አለ። ነቀፋው ግን «ተሰጥኦህን አባክነሃልና ዝም በል» መሆን የለበትም። ይህንን ሲሰሙ ደስ የሚላቸው የ1990ዎቹን ክለቦች የመሩ፣ በዚያን ዘመን ውል የተዋዋሉና ዛሬም በእግር ኳሱ ዙሪያ ያሉ ሰዎች ናቸው። ነቀፋው መሆን ያለበት «ከምታውቀው ውስጥ ትንሹን ብቻ እየሸጥክ ነው» የሚል ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሰፈር ክለብ ወጥቶ ሌጊያ ሲገባ ውሉን ማን አነበበለት? ቤቲስ የከፈለው ገንዘብ ከሌጊያ ደርሶ ወዴት ሄደ? ከባርሴሎና መልስ ያ ቡድን አብሮ እንዳይቀጥል ፌዴሬሽኑ ውስጥ ማን ምን አለ? ከክራኮው 6 ለ 0 በኋላ ባለው ሰኞ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ስለ ምን ይወራ ነበር? አንዳንዱን በመጽሐፍ፣ አንዳንዱን በቃለ ምልልስ ነካክቶት ይሆናል። በየሳምንቱ ከካሜራ ፊት የሚቀመጥን ሰው ግን በየሳምንቱ መጠየቅ ይቻላል፤ አንድ መልስ ሌላውን ይጎትታል፣ የተጠቀሰ ሰው ይመልሳል፣ ሰነድ ይወጣል። ለዚህ ደግሞ አዲስ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ አቅራቢው ጥያቄውን መቀየር ብቻ ነው ያለበት።

ጊዜው ግን ሰፊ አይደለም። በዚያ የ1993 ሰኔ ሌጊያ መልበሻ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ተጫዋቾች አብዛኞቹ ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከሁሉም በላይ ያውቅ የነበረው ያኑሽ ቩይቺክ በ2017 ሞቷል።